ተጨማሪ መረጃ፦ ካሳ የሚለው ስም

ካሳ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ነገር የሚሰጥ ምትክ ነው። የወንድ መጠሪያ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ከሞተ በኋላ ለሚወለድ ሕፃን ይወጣል፤ ቤተሰቡም «ፈጣሪ ካሰን» ማለቱ ነው። ካሳሁንና ካሳዬ ከዚሁ የወጡ ናቸው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ካሳነሽ ይባላል። ምትኩ፣ ተካልኝና ማስረሻም ተቀራራቢ ሐሳብ አላቸው።

በታሪካችን ሁለት ካሳዎች ነግሠዋል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ ካሳ ምርጫ ደግሞ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም አራተኛ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የንግሥ ስም ቢያወጡም የልደት ስማቸው አልተረሳም፤ ቴዎድሮስ «መይሳው ካሳ»፣ ዮሐንስም በፈረስ ስማቸው «አባ በዝብዝ ካሳ» እየተባሉ ይወሳሉ።