ኤልኒኖ መንሥኤ ነው ወይስ ማመካኛ? ክረምት ሲከዳ ምክንያቱ እንዴት ይመረመራል



ክረምቱ ሲዘገይ ወይም ሐምሌ ላይ ድንገት ሲቋረጥ፣ ከገሳይ፣ ከጋይንት ወይም ከስማዳ ለመጣን ተማሪዎች ነገሩ ዜና ብቻ አይደለም። የገብሱና የድንቹ ማሳ የቤተሰባችን ነው። «ምን ሆኖ ነው?» ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ኤልኒኖ»።

«ሰበብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው እውነተኛ መንሥኤ፣ ሁለተኛው ደግሞ ማመካኛ። በዚህ ጽሑፍ የምናየው አንድ የአየር መዛባት ከማመካኛነት አልፎ መንሥኤ መባሉ በምን እንደሚረጋገጥ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ዝናብ የአላህ ራሕመት ነው፤ ምክንያቱን መመርመር ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ልጁ የታመመበት አባት ዱዓ እያደረገ ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል፤ ሰበቡን ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ዝናብ ሲጠፋ ሶላተል ኢስቲስቃእ የሚሰግድ ጀማዓም እንዲሁ ነው።

ክረምታችን ከየት ይመጣል?

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ የሩቅ ነገሮች ውጤት ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል፣ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶም ወደ እኛ ይወጣል። በደቡብ አትላንቲክና በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉት ከፍተኛ የአየር ግፊቶች እርጥብ አየር ይገፋሉ። ከዚያ እርጥበት ብዙው በኮንጎ ደን በኩል ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ወደ ደጋችን ይደርሳል። ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ከሕንድ ወደ አፍሪካ የሚነፍስ ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ ሲበረታ፣ ከታች የሚነሣው እርጥብ አየር በቀላሉ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ ይሆናል።

ከእነዚህ አንዱ ቢደክም ክረምቱ ይጎዳል። ስለዚህ «ዝናቡ ቀነሰ» ማለት እንደ ትኩሳት ምልክት ብቻ ነው። ትኩሳት ከወባም ከሳንባ ምችም ሊመጣ ይችላል።

አብሮ መታየት መንሥኤ አይደለም

ጊልበርት ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 የሕንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሕንድ ዝናብ ከድቶ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አልቆ ነበር። ዎከር ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገቦችን ሰብስቦ አነጻጸረ። ከመዝገቦቹም አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር፤ ያ ሙላት በአብዛኛው የእኛው ደጋ ክረምት ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ግፊት ሲጨምር በሕንድ ውቅያኖስ በኩል እንደሚቀንስ፣ ያኛው ሲቀንስ ይኸኛው እንደሚጨምር አገኘ። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን ማስረዳት አልቻለም።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኮብ ብየርክነስ የግፊቱ መወዛወዝና የኤልኒኖ የባሕር ሙቀት የአንድ ሥርዓት ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን አሳየ። በደህናው ጊዜ ነፋሱ የሰላማዊ ውቅያኖስን ሞቃት ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ አየሩም ከዚያ ላይ ይነሣል። ኤልኒኖ ሲሆን ነፋሱ ይደክምና ሞቃቱ ውኃ ወደ መካከለኛውና ወደ ምሥራቁ ይመለሳል፤ የሚነሣው አየርም አብሮት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የሕንድ ክረምት ይዳከማል፤ ከላይ የጠቀስነው የምሥራቅ ነፋስም ኃይሉ ይቀንሳል። የሞቃቱ ቀበቶ የላይኛው አየር ስለሚሞቅም፣ ከታች ያለው አየር እንደ ልብ መነሣት ያቅተዋል። ከሰላማዊ ውቅያኖስ እስከ ጉና ተራራ ያለው ሰንሰለት ይህ ነው።

ሁለት ማሳ ከሌለስ?

የግብርና ተማሪ የማዳበሪያን ጥቅም ለማወቅ ሁለት ማሳ ይዘራል። ዘሩም አፈሩም አንድ ሆኖ የሚለየው ማዳበሪያው ብቻ ነው። ምድር ግን አንድ ናት። ስለዚህ ተመራማሪዎች የአየርን ሕግጋት በኮምፒውተር ሞዴል አስገብተው፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተው አንዱን ነገር ብቻ ይለውጣሉ።

ይህ ዘዴ ፍርድ የቀየረበት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከሴኔጋል እስከ ሱዳን የተዘረጋው የሳህል ምድር በተደጋጋሚ ድርቅ ተመታ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጁል ቻርኒ የተባለ ታዋቂ ሳይንቲስት አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከብት ሣሩን ሲጨርሰው መሬቱ ይገረጣል፤ የገረጣ መሬት የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ በዚህም አየሩ መነሣት ትቶ ዝናብ ይጠፋል የሚል ነበር። ሐሳቡ በፊዚክስ ረገድ የሚያስኬድ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን አርብቶ አደሩ ላይ ለመጫን የሚመች ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2003 አሌሳንድራ ጂያኒኒና ባልደረቦቿ ለአንድ ሞዴል ከ1930 እስከ 2000 የተመዘገበውን የባሕር ወለል ሙቀት ብቻ ሰጡት። ስለ ከብትም ስለ ግጦሽም የተነገረው ነገር አልነበረም። ሞዴሉ ግን የሳህልን መድረቅ በራሱ አሳየ። ዋናው መንሥኤ የውቅያኖሶቹ ሙቀት ነበር፤ የመሬቱ ሁኔታ ደግሞ የተጀመረውን ድርቅ አባባሰው። ለድርቁ ዋና ተጠያቂ የተደረገው ድሃ እረኛ በዚህ ምርመራ ነፃ ወጣ።

ሦስት ክረምቶች

የእኛ ሰሜናዊ ደጋ ክረምቱን ከሳህል ጋር ይጋራል። እስቲ ሦስት ዓመታትን እናወዳድር።

በተለምዶ የ1977ቱ የምንለው ረሃብ የተከተለው የ1976 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1984) ከድቶ ነው። በዚያ ክረምት ግን ኤልኒኖ አልነበረም፤ እንዲያውም የሰላማዊ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። የሞቀው በምድር ወገብ አቅራቢያ ያለው አትላንቲክ ነው፤ ይህም የዝናቡን ቀበቶ ወደ ደቡብ ይስባል። ዓመቱ ደግሞ በረጅሙ የሳህል ድርቅ ውስጥ የወደቀ ነው።

በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) በጣም ኃይለኛ ኤልኒኖ ተነሣ። ክረምቱ ግን ከ18 ዓመት በኋላ እንደ መጣው አልከፋም። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ማብቂያ የምዕራቡ ሕንድ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሞቆ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ጎርፍ አስከተለ።

በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ከ1989ኙ ጋር የሚስተካከል ኤልኒኖ መጣ። በልጉ አስቀድሞ ከድቶ ነበር፤ ክረምቱም በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ከዳ። በቀጣዩ ታኅሣሥ አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። በኋላ ድርቁን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ቢያንስ በ60 ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ብርቅ ክስተት እንደ ነበርና ኤልኒኖ እንዳባባሰው ደመደሙ። ከዓለም ሙቀት መጨመር ጋር የሚያያዝ ግልጽ ለውጥ ግን በዝናቡ መዝገብ አላገኙም።

እንግዲህ ኤልኒኖ ሳይኖር ድርቅ ሆኗል። ተቀራራቢ ኃይል ያላቸው ሁለት ኤልኒኖዎችም የተለያየ ክረምት አምጥተዋል። ኤልኒኖ ዕድሉን ያከብደዋል እንጂ ብቻውን አይወስንም። የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ሁኔታ ይጨመርበታል፤ አየሩ በራሱ የሚወዛወዝበት ጊዜም አለ። የአገሩ አቀማመጥም ይገባበታል። ከጉና በስተምዕራብ፣ ጉማራና ርብ ወደ ጣና በሚወርዱበት በፎገራ ሜዳ፣ ገበሬው ጎርፍ ይሰጋል። በስተምሥራቅ ደግሞ የጋይንትና የስማዳ ቆላ ዝናብ ያጥረዋል።

ከዝናብ እስከ ረሃብ

ሰንሰለቱ ዝናቡ ላይ አያበቃም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ድርቅ ብቻውን አልመጣም። የከብት እልቂት የእርሻውን በሬ ጨረሰ፤ አንበጣም ተጨመረበት። በ1977ቱም ጦርነቱና የጊዜው መንግሥት አሠራር ድርቁን ወደ እልቂት ለወጡት። በ2008 ዓ.ም. ግን የተራበው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም እንደዚያ ያለ የጅምላ እልቂት አልተከተለም። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ረሃብን በሙሉ ለኤልኒኖ ማሸከም፣ በሰው እጅ ያለውን ድርሻ መሸሸግ ይሆናል።

ወደ ቤት ስንደውል «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው» ብለን ብቻ አንዝጋ። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ «ከመደበኛ በታች» የመሆን ዕድሉ ለየትኛው አካባቢ ስንት በመቶ እንደ ሆነ እናንብብ። ይህን ለቤተሰባችን በቀላል አማርኛ እናስረዳ፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥ ወይም ከእህሉ ማስቀመጥ የሚቻለው ዘር ሳይዘራ ነውና። የፊዚክስ፣ የጂኦግራፊና የግብርና ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ስትመርጡ የአካባቢያችንን የዝናብ መዝገብ አስቡት። በዎከር ሠንጠረዥ የገባው የዓባይ ሙላት መነሻው እዚህ ደጋ ነው፤ ምርመራውም ከዚህ ቢቀጥል ያምራል።