«ቱርቦዋን ጠበቅ አድርግልኝ!»

እናንተዬ፣ የዘንድሮ ወጣት ስለ ፍቅረኛው ከሚያወራው ስለ ቱርቦው የሚያወራው አልበለጠም ትላላችሁ? ከባሕር ዳር እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ሻይ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ ወሬው አንድ ነው። «ትንፋሽ አጠራት!» «ጠበቅ ብታስደርጋት እኮ ትበራለች!» አለቀ። ታዲያ ይቺ «ጠበቅ» የምትባል ቃል የስንቱን ዕቁብ ይዛ ገደል እንደገባች ጠይቁ።

ሰሞኑን ዳንግላ አንድ ጋራዥ በር ላይ ያገኘሁት ወጣት ዕቁብ ወጥቶለት፣ የወንድሞቹን ገንዘብም ጨምሮ፣ ባለ ቱርቦ የናፍታ ፒክአፕ ገዝቷል። ከባሕር ዳር ሸቀጥ ጭኖ ወደ እንጅባራ ይወጣል፣ ሲመለስ ድንች ይጭናል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ናት። ከዳንግላ በኋላ ዳገቱን ስትይዝ ግን ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ጉልበቷም ይከዳታል። የሞተር መብራትም በርቷል።

መመርመሪያው ሲሰካ ፒ 0299 የሚል ኮድ ወጣ። ትርጉሙ «ቱርቦው የሚፈለገውን ያህል አየር አልገፋም» ነው። ከዚያማ የምክር ዓይነት ዘነበ! አንዱ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የአየር ግፊቱን አነበበና 78 ኪሎ ፓስካል ሲያይ «መቶ አንድ ማለት ነበረበት፤ ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለ። ሌላው «ሴንሰር ምን ያደርጋል? የቱርቦዋን ዘንግ አሳጥረን ጠበቅ እናድርጋት» አለ። ልጁ መሐል ላይ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል።

ቁጥሩ አልዋሸም

እውነቱ ምን መሰላችሁ? ሴንሰሩ ደህና ነበር። 101 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የሚነበበው 81 አካባቢ ነው። ዳንግላ 2,100ን አለፍ ትላለች፤ 78 ገደማ ያሳያል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች 74 አካባቢ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ሳይነሳ ዳንግላ ላይ 101 የሚያሳይ ሴንሰር ብታገኙ ነው መጠርጠር ያለባችሁ!

አንድ ነገር ደግሞ ለዩ። አንዳንዱ መመርመሪያ የሚያሳየው ጠቅላላውን ግፊት ነው፤ በዙሪያችን ያለው አየርም ተደምሮበታል። አንዳንዱ ደግሞ ቱርቦው የጨመረውን ብቻ ስለሚያሳይ ሞተሩ ሲጠፋ ዜሮ ይላል። ጠቅላላው እንጅባራ ላይ 174 ከሆነ፣ 74ቱ የእግዜር አየር ነው፤ ቱርቦው የጨመረው 100 ብቻ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መፍረድ ብርን በዶላር ስም እንደ መቁጠር ነው።

ቆማ ስትንጎራጎር አትመርምሯት

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ነበሩ። ጋሼ እስኪናገሩ ድረስ አልተናገሩም። ሲናገሩ ግን «አንተ ልጅ፣ ፈረስ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ትንፋሹ ይለካል እንዴ? ዳገት ላይ አውጣና እይ» አሉት። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 በሚያከብሩት በዓል በሚታወቅበት በአዊ አገር ከዚህ የተሻለ ማስረዳት ከየት ይመጣል?

ልክ ናቸው። የናፍታ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ቱርቦው ይህን ያህል አይገፋም፤ ስለዚህ ብልሽቱ አይታይም። ዕቃ ጭና፣ ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ተሰጥቷት ነው የምትነበበው። ንባቡን የሚያየው ግን ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ይሁን። ሾፌሩ ዓይኑን መንገዱ ላይ!

ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፦ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና በእውነት የተገኘው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቱርቦውን ተዉት፤ ነዳጁን፣ ፊልትሮውንና ኖዝሉን ፈትሹ። የተገኘው ከተጠየቀው በጣም ካነሰ አየር የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው። ያቺ ፒክአፕ 190 ተጠይቃ 150 ላይ ቆመች።

ጋሼ የሳሙና ውኃ አስመጡና ከቱርቦው የሚወጣውን የጎማ ቱቦ ቀቡት። ወጣቱ ነዳጁን ሲረግጥ ቱቦው ከሥሩ አረፋ ደፈቀ። የተሰነጠቀ ቱቦ! ሴንሰርም፣ አዲስ ቱርቦም አላስፈለገም። ጥቁሩ ጭስም ተፈታ፤ ናፍታው አለ፣ አየሩ ግን በመንገድ ቀርቶ ነበር።

«ጠበቅ» ቢያደርጋትስ ኖሮ?

ብዙ ቱርቦዎች ላይ ግፊቱ ሲበዛ ጭሱን በጎን የምታሳልፍ በር አለች። ዘንጓ ካጠረ በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፤ ግፊቱም ይጨምራል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። ጠቅላላውን ግፊት 200 ለማድረስ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ቱርቦ አየሩን ሁለት እጥፍ ያምቃል። እንጅባራ ላይ ከ74 ስለሚነሳ ወደ 2.7 እጥፍ ማመቅ አለበት! ለዚያ ደግሞ በጣም ፈጥኖ መሽከርከር ግድ ነው። ቱርቦ በደህናው ቀንም በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። በዚያ ላይ የሚወጣው አየር ይግላል። የተሰነጠቀው ቱቦ ሳይጠገን ዘንጉ ቢጠብቅ ኖሮ ቱርቦው የሚያፈስ እንስራ ለመሙላት ሲሮጥ ይቃጠል ነበር።

ብልጡ ኮምፒውተርም ዝም አይልም። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ፒ 0234 ብሎ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ጉልበት ፍለጋ የሄደው ሰው ያለውንም አጥቶ ይመለሳል። በአሮጌው የፖምፓ ሞተር ላይ ደግሞ ከልካይ የለም። የነዳጁን ቡሎን አዙሮ ጭስ እያጨሱ መውጣት ፒስቶን ያቀልጣል፤ ሞተሩም ይነክሳል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

እንግዲህ ምክሬ ይኸው

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እዩ፤ የመንገዱ አቧራ ምሕረት የለውም። ቀጥሎ ቱቦዎቹንና ማሰሪያዎቻቸውን፣ ከዚያ ጥላሸት የሸፈነው ሴንሰር እንዳለ አጽዱ። ኮዱን አጥፍቶ «ዳነች» የሚላችሁን አትመኑ፤ ኮድ ማጥፋት የታመመን ሰው አፍ እንደ መያዝ ነው። ዘንጉ መነካት ካለበት የሚነካው ፋብሪካው ወደ ወሰነው ልክ ለመመለስ ብቻ ነው፤ ያውም በግፊት መለኪያ፣ በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር፣ በየመሐሉ ዳገት ላይ እየተሞከረ። ዳገት ጨርሳችሁ ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ቱርቦው ዘይት እየጠጣ እንዲበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እንጅባራ ላይ ጭነት የያዘች መኪና ባሕር ዳር ላይ እንደምትሮጠው ካልሮጠች አትቆጧት። ማርሽ ቀንሱላት። ዕቁቡ ገና አላለቀምና!