ማን እንደሚያሸንፍ የሚጽፈው ሰው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ደምበጫ፣ እንደሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ሁሉ፣ የሬስሊንግ ፍቅር የገባው በቪዲዮ ቤት በኩል ነው። አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። ሲዲው በቅደም ተከተል አይመጣምና ሃልክ ሆጋንና ጆን ሲና በአንድ ሳምንት ይታያሉ፤ አንዱ ለሌላው በዕድሜ አባት እንደሚሆን የሚያስብ የለም። ክርክሩ ሌላ ነው፦ «የእውነት ነው ወይስ የውሸት?»

ሁለቱም ነው። ከገመድ ላይ ዘሎ የወደቀ ሰው ጀርባው የእውነት ይመታል፤ በዚህ ሥራ አንገቱ የተሰበረም አለ። አሸናፊው ግን ቀድሞ ተወስኗል። እረኞች መስክ ላይ ሲተናነቁ ማን እንደተጣለ የሚታወቀው ሲጣል ነው። በሬስሊንግ ግን የሻምፒዮንነት ቀበቶው ወደ ማን እንደሚሄድ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ቢሮ ውስጥ ይጻፋል። አክተሩ ማን ይሁን፣ ወንበዴው ማን ይሁን፣ ወንበዴውስ መቼ ይመለስ የሚለውን የሚወስን የፈጠራ ኃላፊ አለ። በትልቁ ኩባንያ በደብሊው ደብሊው ኢ ይህን ሥልጣን ለ40 ዓመት ያህል የያዘው ቪንስ ማክማን ነበር፤ ድርጅቱን ከአባቱ የገዛው በ1982 ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2022 ሲለቅ ብዕሩ ወደ ፖል ሌቬስክ ዞረ፤ የቪዲዮ ቤት ልጆች ትሪፕል ኤች ብለው የሚያውቁት፣ ያ መዶሻ ተሸካሚ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና አዲስ ጀግና ማፍራት ነው። ተመልካች ስሙን እስኪለምድ፣ ሲሸነፍ እስኪያዝንለት ድረስ ዓመታት ይፈጃል። ለድሮው ጀግና ግን የመግቢያ ሙዚቃው ገና ከመጀመሩ አዳራሹ ብድግ ይላል፤ ትኬቱም ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ ጸሐፊው ሲጨንቀው ወደ ትዝታ ይሮጣል። ይህ በሐምሌ የዘር ጎታ እንደመክፈት ነው፤ ቤተሰቡ ዛሬን በልቶ ያድራል፣ ማሳው ግን ጦሙን ይከርማል።

ደብሊው ሲ ደብሊው የሚባለውን ተፎካካሪ ኩባንያ ያየ ይህን አይስተውም። በ1990ዎቹ የማክማንን ከዋክብት በገንዘብ አስኮብልሎ ለ83 ተከታታይ ሳምንታት በተመልካች ብዛት በለጠው። ራሱ ካበቀላቸው ዋነኛው ጎልድበርግ ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን 1999፣ በጎልድበርግ ምድር በአትላንታ፣ ለቀበቶው መጋጠም የነበረበት ራሱ ጎልድበርግ ነው። በድርሰቱ ግን ፖሊስ እንዲይዘው ተደረገና በቦታው የ45 ዓመቱ ሆጋን ከሻምፒዮኑ ከኬቨን ናሽ ፊት ቆመ። ደወሉ ተደወለ። ሆጋን ቡጢ የሚሰነዝር መስሎ በአንድ ጣቱ ደረቱን ነካ አደረገው። ያ ግንብ የሚያህል ናሽ ጥይት እንደመታው ሰው በጀርባው ተዘረረ። ሆጋን ተኛበት፣ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፣ ቀበቶው ተላለፈ። በዚያው ምሽት በማክማን ፕሮግራም ማንካይንድ፣ ያ ባለ ጭንብሉና ጆሮው የተቆረጠው፣ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ማንም ያልገመተው ሰው፣ የድርጅቱን ዋና ቀበቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ይታይ ነበር። ደብሊው ሲ ደብሊው በማርች 2001 ተሸጠ። ባለቤቶቹ ከሌላ ኩባንያ ጋር መዋሃዳቸውም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ቢሆንም ከዚያች ጣት የበለጠ ምስክር አያሻም። ገዢው ማክማን ነበር።

ገዢውም ትምህርቱን አብሮ አልገዛም። በፌብሩዋሪ 2020 ሪያድ ላይ የ53 ዓመቱን ጎልድበርግ አምጥቶ፣ በዚያን ጊዜ አዳራሽ ይሞላ የነበረውን ብሬይ ዋያትን በደቂቃዎች ውስጥ አስጣለው። ዋያት ለወራት የተገነባ፣ በመዶሻ ተመትቶ እንኳ የሚነሳ ጭራቅ ነበር። ሲዲው ተደበላልቆበት ያደገ ተመልካች እዚህ ላይ ከአሜሪካዊው ይሻላል እላለሁ። ጎልድበርግ ለእሱ የልጅነት ትዝታ ሳይሆን እንደማንኛውም ሬስለር ነውና ለምን እንዳሸነፈ ከታሪኩ ውስጥ ምክንያት ይፈልጋል። አያገኝም።

በሌቬስክ ጊዜም ፈተናው አልቀረም። በ2024 መጀመሪያ ኮዲ ሮድስ ሮያል ራምብል የሚባለውን ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮኑን ሮማን ሬይንስን የመግጠም መብት አግኝቶ ነበር። ከቀናት በኋላ ግን የድሮው ሬስለርና የፊልም ተዋናዩ ዘ ሮክ ብቅ አለ፤ ኮዲም በገዛ እጁ ቦታውን የለቀቀ እንዲመስል ተደረገ። ሕዝቡ «ኮዲን ነው የምንፈልገው» ብሎ ጮኸ። ድርጅቱ በሳምንት ውስጥ ድርሰቱን ቀየረ። ሮክን ግን አላባረሩትም፤ ወንበዴ አደረጉት። ኮዲ በኤፕሪል ፊላደልፊያ ላይ ለ1,316 ቀናት የቆየውን የሬይንስን ንግሥና ሲያፈርስ፣ የድሮው ሰው ለአዲሱ መሰናክል ሆኖ አገለገለ። ከዚህ የተሻለ የአሮጌ ስም አጠቃቀም አላየሁም።

ጆን ሲናም የመጨረሻ ግጥሚያውን ያደረገው ዲሴምበር 13 ቀን 2025 ዋሽንግተን ላይ ነው። «እጅ አትስጥ» የሚል ቲሸርት ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ኦስትሪያዊው ጉንተር አንገቱን ሲያንቀው ፈገግ ብሎ በእጁ መታ መታ አደረገ፤ እጅ ሰጠ። አዳራሹ ተቆጣ። ሌቬስክ ሲወጣ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበሉት። ሲናን አሸናፊ አድርጎ ቢሸኘው ሁሉም እየዘፈነ ይገባ ነበር፤ ያ ድል ግን ጡረታ ከወጣ ሰው ጋር አብሮ ቤቱ ይቀመጣል። አሁን ያለው ጉንተር ላይ ነው፤ ነገ አንድ ስሙ ያልታወቀ ልጅ ጉንተርን ሲጥል ሲናን የጣለውን ሰው እንደጣለ ይቆጠርለታል።