ልጅዎ ክፍል ውስጥ ሲረብሽ

ከልጅዎ ትምህርት ቤት “ወላጅ ይምጣ” የሚል ወረቀት ደርሶዎት ያውቃል? ልጁ ይጮኻል፣ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ጓደኞቹን ያስቸግራል ተብለው ይሆናል። በዚህን ጊዜ ብዙዎቻችን የሚቀናን ቁጣና ዱላ ነው። ቁጣ ግን ልጁን ለጊዜው ዝም ያሰኘው ይሆናል እንጂ ራሱን መግዛት አያስተምረውም።

በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በካንሳስ ግዛት በሚገኝ አንድ የ4ኛ ክፍል ውስጥ 24 ተማሪዎች ነበሩ፤ 7ቱ በረብሻ ምክንያት በተደጋጋሚ ወደ ርዕሰ መምህሩ የተላኩ ናቸው። ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፈለ። አንድ ልጅ ያለ ፈቃድ ሲነሳ ወይም ሲያወራ በቡድኑ ላይ ሰሌዳው ላይ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል፤ ሁለቱም ከ5 ካላለፉ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ሽልማቱ ለምሳ ቀድሞ እንደ መሰለፍ ያለ ቀላል ነገር ነበር። ረብሻው እጅግ ቀነሰ፤ ጨዋታው ሲቋረጥ ግን ተመልሶ መጣ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልጆቹ “ክፉዎች” አልነበሩም፤ ግልጽ ሕግና በየዕለቱ የማይለዋወጥ ሥርዓት ያስፈልጋቸው ነበር። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባልቲሞር ከተማ ጨዋታውን የተጫወቱ የ1ኛ ክፍል ልጆችም እስከ ወጣትነታቸው ክትትል ተደርጎላቸዋል። በልጅነታቸው እጅግ ጠበኛ ከነበሩት ወንዶች መካከል የተጫወቱት፣ ካልተጫወቱት ይልቅ በአደንዛዥ ዕፅ ችግር የተያዙት ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ ጨዋታ የማይደርስበት ነገር አለ። ትንሽ ልጅ “አዝኛለሁ” ወይም “ፈርቻለሁ” ማለት ስለማይችል ሐዘኑን በረብሻ ይገልጠዋል። የወላጆች ጠብ፣ የሚወዱትን ሰው ማጣት፣ ረሃብ ወይም እንቅልፍ ማጣት ከጀርባው ሊኖር ይችላል። አንዳንዱም ሰሌዳውን በደንብ ስለማያይ ወይም መምህሩን ስለማይሰማ ብቻ ይረብሻል።

ስለዚህ ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ልጅዎን ለብቻው፣ ሳይቆጡ ያነጋግሩት። ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ከመምህሩ ጋር ተነጋግረው በቤትም በክፍልም አንድ ዓይነት ሁለት ሦስት ሕጎች ያውጡ። ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ያደረገውንም መልካም ነገር አይተው ወዲያው ያመስግኑት። ሐዘኑ ወይም ጠበኝነቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ደግሞ ባለሙያ ያማክሩ።

በቤተ ክርስቲያን ልጆችን የምታስተምሩ ወገኖችም፣ ሁልጊዜ የሚረብሸውን ያንን ልጅ ከክፍል ከማስወጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ “ምን ሆነህ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀው ይሆናል።