ጎግል እንፍራንዝን ያውቃታል?

ስልኩ ላይ «እንፍራንዝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ልቡ ከሁለት ቦታዎች ባንዱ ላይ ነው። አንዷ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ከአዲስ ዘመን በኋላ የምትገኘው ከተማ ናት፤ አጠገቧ ካለው ኮረብታ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ጣናን ቁልቁል እያየ ቆሟል። ሌላው ባሕር ዳር ጥግ፣ ደንገል የሞላበትን ረግረግ አቋርጦ ጣና የሚገባው ወንዝ ነው፤ ባሕር ዳር የመጠጥ ውሃዋን ስትስብ የኖረችው ከዚሁ ወንዝ ምንጮች ነው። ስለ ግንቡ የጠየቀ ተማሪ የረግረግ ጥናት ቢመጣበት፣ ስለ ውሃው የጠየቀው ደግሞ የጉብኝት ማስታወቂያ ቢደረደርለት አይገርምም።

ጎግል፣ ቢንግና ሌሎቹ መፈለጊያዎች ስንጠይቃቸው ያን ሰዓት ተነሥተው ኢንተርኔትን አይዞሩም። ሮቦት የሚባሉ ፕሮግራሞቻቸው ቀደም ብለው ከገጽ ወደ ገጽ በሊንክ እየተሻገሩ ያገኙትን ጽሑፍ አንብበዋል፤ የትኛው ቃል የት እንዳለም ማውጫ ውስጥ መዝግበዋል። ስንጠይቅ የሚገላበጠው ይህ ማውጫ ነው። ከዚያ የትኛው ገጽ ይቅደም የሚለው ይመጣል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲያቋቁሙ ይዘውት የመጡት ዘዴ ለመረዳት ቀላል ነበር፦ ሌሎች ገጾች፣ በተለይም ራሳቸው ብዙ ምስክር ያላቸው፣ ሊንክ የሰጡት ገጽ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ መለኪያው በዝቷል። ያልተለወጠው ነገር ቢኖር ሮቦቱ ያላነበበውን ማንም ፈልጎ አለማግኘቱ ነው።

በእንግሊዝኛው ዓለም «ጎግል ተበላሸ» የሚለው ሮሮ የጥጋብ ሮሮ ነው። ገጹ ሞልቶ ተርፏል፤ ብዙው ግን ለአንባቢ ሳይሆን ለሮቦቱ ተብሎ የተጻፈ ነው። የላይፕዚግና የቫይማር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች 7,392 የዕቃ ግምገማ ጥያቄዎችን በጎግል፣ በቢንግና በዳክዳክጎ ላይ አንድ ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥተዋል። ላይ ላይ የሚቀመጡት ገጾች ኮሚሽን የሚያስገኙ ሊንኮች የበዙባቸውና በጽሑፍ ጥራት ዝቅ ያሉ ሆነው ተገኝተዋል።

የእኛ ሮሮ ግን የረሃብ ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ይህ ማለት አማርኛ አይጻፍም ማለት አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይጻፋል። የሚጻፈው ግን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ ነው፤ የሚነገረውም ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ። በር ተዘግቶ የሚወራውን ሮቦቱ አይሰማም። የወረዳው ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንድ ሰው ፎቶ ያነሣዋል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ «ማስታወቂያው የት አለ?» ብሎ ጎግልን መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። አዋጆችም ቢሆኑ ስካን ተደርገው ሲቀመጡ ለዓይን ጽሑፍ፣ ለማሽን ሥዕል ናቸው።

የቆየ ዕዳም አለብን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ለተጫነበት ኮምፒውተር አማርኛ ነው፤ ሮቦቱ ሲያየው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። ጉዛራን ያሠሩትን ንጉሥ ስም እንውሰድ። ሠርፀን በሠ ወይም በሰ፣ በፀ ወይም በጸ ብንጽፈው አራት ዓይነት ይሆናል። ዐፄ የሚለው በአ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጀምርና በፄ ወይም በጼ ሊያልቅ ስለሚችል ስድስት መልክ አለው። ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አራት! ለእኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሠ እና ሰ እንደ በ እና ከ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፣ አንድ ናችሁ ብሎ ያስተማረው ከሌለ። ስለዚህ በአንዱ አጻጻፍ ካልተገኘ በሌላው መሞከር ነው፤ እምቦጭንም በእንቦጭ፣ ባሕርንም በባህር።

ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው የጎረቤት ቃል መጨመር ይመስለኛል። «እንፍራንዝ ጉዛራ» ሲባል ከተማዋ፣ «እንፍራንዝ ረግረግ ባሕር ዳር» ሲባል ወንዙ ይለያሉ። በእንግሊዝኛ መጠየቅም ነውር የለውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ጣና ዳርቻ፣ ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ እምቦጭ የጻፏቸው ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች በነፃ የሚነበቡበት የዩኒቨርሲቲው ማኅደር ኢንተርኔት ላይ አለ። ማኅደሩ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ጥናቱ የተሠራበት ቀበሌ ገበሬ በቋንቋው ቢፈልገው አያገኘውም። ይህ እኔን ከማስታወቂያው ብዛት የበለጠ ያናድደኛል።

የዘመን አቆጣጠሩንም ልብ ማለት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የተፈተነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱን በእንግሊዝኛ ጥያቄ ላይ ቢጨምር ማሽኑ የፈረንጆቹን 2016 ሊያመጣለት ይችላል፤ ያ ደግሞ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ የተሰረዘበት የእኛ 2008 ነው። በውጤት ሰሞን «እዚህ ጋ ተጫኑ» የሚሉ ገጾችም ይፈላሉ። ከመጫን በፊት አድራሻውን ማየት ይሻላል፦ በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚያልቅ አድራሻ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተመደበ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌላ ገጽ ግን ይጠርጠር።

አሁን ደግሞ ከውጤቶቹ በላይ ማሽን የጻፈው አጭር መልስ እየመጣ ነው። ለእንግሊዝኛ ጥያቄ ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም መልሱ የሚቀዳው ከዚያው ከተጻፈው ነው፤ በቂ ባልተጻፈበት ጉዳይ ላይ ሁለቱን እንፍራንዞች አዋሕዶ በሚያምር አማርኛ ቢያቀርብ አንባቢው በምን ይለያል? ከሥር የተጠቀሱትን ገጾች ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ኔትወርክ ሲኖር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። ለገበሬ ከዚያም በፊት የተሻለ መንገድ ነበረለት፦ የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር። በነፃ ይደወላል፣ ቋንቋ ይመረጣል፣ ስለ አዘራሩና ስለ ማዳበሪያው በአማርኛ ይነገራል። ለዚህ ዳታ አያስፈልግም፤ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክም ይበቃዋል።