ቤት ያጡ ሰዎችና በኅብረት የሚሠራ ጥበብ

ለሰው ልጅ ኑሮ ግድ የሆኑት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ምግብ፥ ልብስና መጠለያ ናቸው። ከነዚህ መጠለያን ያጣ ሰው በመንገድ ዳር ሲያድር ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ በየማለዳው እናየዋለን። ዳሩ ግን ዓይን የለመደውን ነገር አያስተውልምና አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ኪነ ጥበብ እንዲህ ያለውን ዓይን ሊገልጥ ይችላል። ነገር ግን የሚገልጠው ቤት ያጣው ሰው ራሱ ከሠሪዎቹ አንዱ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንም በሁለት ምሳሌዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው በኒውዮርክ ከተማ የተደረገ ነው። በፖላንድ አገር የተወለደው የጥበብ ሰው ክሺሽቶፍ ቮዲችኮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሆን ጋሪ ሠራ። በዚያ ከተማ ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ፥ እንደ እኛ አገር ቆራሌው፥ ባዶ ጣሳና ጠርሙስ እየለቀሙ ለያንዳንዱ 5 ሳንቲም ይቀበሉ ነበር። ቮዲችኮ ንድፉን ብቻውን አላወጣም፤ ምን እንደሚቸግራቸው እየጠየቀ ከነርሱ ጋር ተመካከረ። ስለዚህ ጋሪው የጣሳ ማከማቻ፥ መታጠቢያና ሲዘረጋ አንድ ሰው የሚያስተኛ ክፍል ነበረው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሪው ቤትን ይተካል ተብሎ አልተሠራም። ዓላማው አላፊ አግዳሚው እንግዳ ቅርጹን አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅና ከባለ ጋሪው ጋር እንዲነጋገር ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ቴአትር ነው። በለንደን ከተማ በ1991 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን) የተመሠረተው ካርድቦርድ ሲቲዝንስ የተባለው ቡድን የቤት ማጣትን ኑሮ ከቀመሱ ሰዎች ጋር ይሠራል። ቡድኑ የተከተለው ዘዴ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያወጣው ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ተውኔቱ በመጀመሪያ እስከ መጥፎ ፍጻሜው ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል፤ በዚህ ጊዜ ከተመልካቾች አንዱ «ቁም!» ብሎ ወደ መድረክ ይወጣና በባለታሪኩ ቦታ ገብቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። በዚህም ዘዴ ተመልካቹ ማዘን ብቻ ሳይሆን ችግሩ የቱ ላይ እንደሚቋጠር ይረዳል። «ሥራ ፈልግ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ አድራሻ የሌለው ሰው ሆኖ በመድረክ ላይ ሥራ መጠየቅ ግን ምክሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ? በትምህርት ቤት ተውኔቶች ላይ ቤት የለሽ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታየው ቡትቶ ለብሶ ሲያስቅ ወይም ሲያስለቅስ ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚቀጥለው ዓመት የድራማ ክበብ አንድ መሥመር ሳይጽፍ በፊት በሰፈራችን መንገድ ዳር የሚያድሩትን ወጣቶች እንዲጠይቅ፥ ፈቃደኞች ከሆኑም አብረው ጽፈው አብረው እንዲጫወቱ ነው። ለድካማቸውም ከመግቢያው ገንዘብ ሊከፈላቸው ይገባል። ታሪካቸውን ወስደን እነርሱን በበር ብንተው ከሰጠናቸው ይልቅ የወሰድንባቸው ይበልጣልና። ወላጆችና መምህራንም ከተመልካችነት አልፈው «ቁም!» ብለው እንዲነሡ እለምናለሁ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ከሃምሳዎቹ ተሸካሚዎች መካከል ግን የሎሚው ባለቤትም መቈጠር አለበት።