የማስክ ነገር፡- ክፍተቱን ማን ይየው?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ሁላችንም በአንድ ሌሊት የማስክ ባለሙያ ሆነን ነበር። አንዱ ሰማያዊው ይሻላል ይላል፤ ሌላው ከጨርቅ የተሰፋውን ይመርጣል፤ አቅም ያለው ኤን95 ያፈላልጋል። በዚያው ወር መጨረሻ የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ ማስክ ማድረግ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከጤና ይልቅ የፖሊስ ጉዳይ መሰለ። ማስኩ አገጭ ላይ ውሎ ደንብ አስከባሪ ሲታይ ብቻ ወደ አፍንጫ ከፍ ይል ጀመር።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ካሳወቀ ወዲህ ማስክ ከብዙዎቻችን ኪስ ወጥቷል። ዛሬ ጉዳዩን ማንሳቴ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ቲቢ የምንለው የሳንባ ነቀርሳ አሁንም በአየር ይተላለፋል። ሌላ የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ ቢመጣም ቀድመን የምንፈልገው ይህንኑ ዕቃ ነው። ትርምሱ በሌለበት ጊዜ ረጋ ብሎ ማየቱ ይበጃል።

በእኔ እምነት ማስክ ስንገዛ ‹‹ከምን ተሠራ?›› ብለን የምንጠይቀው ቀድመን ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ‹‹ፊቴ ላይ ይገጥማል ወይ?›› የሚለው ነው። አየር እንደ ውኃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በአፍንጫ ግራና ቀኝ ወይም በጉንጭ በኩል ክፍተት ካገኘ በማጣሪያው ውስጥ ለማለፍ አይደክምም። መነጽር የምታደርጉ አንባቢያን ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም፤ መስታወቱ በጉም ከተሸፈነ ትንፋሻችሁ በላይ በኩል እያመለጠ ነው። ትንፋሽ በሚያመልጥበት ቀዳዳ ደግሞ የሌላው ሰው ትንፋሽ ይገባል።

ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ሦስት ንብርብር አለው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው መካከለኛው ነው። በጣም የቀጠኑ የፕላስቲክ ክሮቹ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ደቃቅ ብናኞችን ስበው ይይዛሉ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ማስክ አጥቦ ገመድ ላይ ማስጣት፣ አልኮል መርጨት የተለመደ ነበር። ሙሉን የሚያጠፋው ይኸው ነው። ማስኩ ጸድቶ ይታያል፤ ማጣራቱ ግን ቀንሷል። በነገራችን ላይ ‹‹ጤነኛ ነጩን፣ የታመመ ሰማያዊውን ወደ ውጭ ያድርግ›› የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ፈሳሽ እንዳያሳልፍ የተሠራው ሰማያዊው ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው። ሽቦው ከላይ ሆኖ በሁለቱም እጅ ጣቶች አፍንጫ ላይ ይጫናል። ጉንጭ ላይ ከሰፋ የጆሮውን ማንጠልጠያ ከማስኩ ጠርዝ አጠገብ ቋጥሮ ትርፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ ይቻላል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንን ዘዴ ፈትሾ እንደሚረዳ አሳውቋል።

ኤን95 በአግባቡ ከገጠመ ደቃቅ ብናኞችን ቢያንስ 95 በመቶ ያስቀራል፤ የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ2 ደግሞ ቢያንስ 94 በመቶ። አስመስሎ የተሠራው ግን ብዙ ነው። እውነተኛው ኤን95 ላይ ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ማህተም አለ፤ ማሠሪያዎቹም ጭንቅላት የሚዞሩ ሁለት ላስቲኮች ናቸው። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ‹‹ኤን95›› ከቀረበላችሁ ተጠራጠሩ። የቻይናው ኬኤን95 ጆሮ ላይ መንጠልጠሉ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ። ጢሙን ያሳደገ ሰው ደግሞ ጠርዙ ቆዳው ላይ ስለማይጣበቅለት ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለበት ጥቅም በጢሙ ሥር ያልፋል።

ይህ ልዩነት ቤት ውስጥ የቲቢ ታማሚ ለሚያስታምም ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ታማሚው የሕክምና ማስክ ሲያደርግ ሲያስልና ሲያወራ የሚወጣውን ይቀንሳል። አስታማሚው ግን አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ለመከላከል ኤን95 ወይም አቻው ያስፈልገዋል። ሁለቱ ሰማያዊውን አድርገው ተቀምጠው ‹‹ተጠንቅቀናል›› ቢሉ ግማሹን ብቻ ነው ያደረጉት።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ሦስት ንብርብር መክሮ ነበር፤ ውስጡ እንደ ጥጥ ፈሳሽ የሚመጥ፣ መካከሉ የሚያጣራ፣ ውጩ ፈሳሽ የማይመጥ። ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ብርሃኑ ወለል ብሎ ከታያችሁ ተዉት። ነጠላችንም፣ ስስ ነገር ነውና፣ ከዚሁ ይመደባል።

እንግዲህ ጥሩ ማስክ ተገዝቶ፣ በደንብ ተደርጎም የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ስልክ ነው። ስልኩ ሲጮህ ማስኩን አውርዶ ‹‹ሃሎ›› የሚለውን ሰው ስንቴ አየን? ጮክ ብሎ ሲያወራ ከዝምታው ይልቅ ብዙ ብናኝ ይወጣል፤ ማስኩ የሚወርደው ግን በዚያች ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ታክሲያችን ነው። በአዋጁ ጊዜ ታክሲዎች በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ሂሳብ ሲጭኑ እንኳ መስኮቱ ‹‹ብርድ ይመታናል›› ተብሎ ይዘጋ ነበር። አየሩ በማይለወጥበት ጠባብ ቦታ ከማስኩ ያመለጠው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። መስኮቷ በሦስት ጣት ያህል ብትከፈት ብዙ ነገር ይቀላል። ከኋላ ወንበር ግን ‹‹ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ!›› የሚል አይጠፋም።